ዋና በቅጡ ሳልችል ባህር ገባሁ፦ የማርሴይ የግማሽ ቀን ጉዞ

ነሐሴ ላይ ከማርሴይ የላክሁትን ፎቶ ያዩ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንቺ ዋና ትችያለሽ እንዴ?» ብዙም አልችልም። የተማርኩት እዚህ ፍራንክፈርት፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የ25 ሜትሩን ገንዳ ሁለት ጊዜ ከተመላለስኩ ጠርዙን ይዤ ማለክለክ እጀምራለሁ። አዲስ አበባ ሳድግ ብዙ ውሃ ማለት ለእኔ የተሞላ በርሜል ነበር። ላንጋኖ የሄድን ጊዜ እንኳ እናቴ ከጉልበታችን በላይ አታስገባንም፤ «ውሃ ዘመድ የለውም» ትል ነበር።

እናም ይህን የምጽፈው ለዋናተኛ አይደለም። ገንዳ ውስጥ እንደምንም ለሚንሳፈፍ፣ ባህሩን ግን ከዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው ነው። ስኖርክል የሚባለው ነገር፣ ማለትም መነጽር መሳዩን ማስክ አጥልቆ፣ መተንፈሻ ቱቦውን ነክሶ በደረት ተንሳፍፎ ከታች ያለውን ማየት፣ ጉልበት ያን ያህል አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትንፋሽ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ውሃው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ስለሆነ እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

ከፍራንክፈርት ማርሴይ በባቡር ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሄድን። ከማርሴይ በስተደቡብ እስከ ካሲ ከተማ ድረስ የባህሩ ዳር ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። ገደሉ በየቦታው ተሰንጥቆ ባህሩ እንደ ጣት ወደ ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱን ስንጥቅ ካላንክ ይሉታል። አካባቢው ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በእግርም ይደረሳል፤ ነገር ግን በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የእሳት አደጋ ያሰጋል በተባለበት ቀን መንገዱን ይዘጉታል። በጀልባ መሄድ የመረጥነው በዚያ ምክንያት ነው። ለአንድ ሰው 60 ዩሮ ከፈልን፤ ማስኩ፣ ቱቦው፣ ለእግር የሚጠለቀው መቅዘፊያና የላስቲክ ልብሱ በዚያው ውስጥ ነው።

የያዝነው ለማክሰኞ ነበር። ሰኞ ማታ «ሚስትራል አለ፣ ሐሙስ ኑ» የሚል መልእክት መጣ። ሚስትራል በሮን ወንዝ ሸለቆ አድርጎ ከሰሜን ምዕራብ የሚወርድ ነፋስ ነው። ሰማዩን እንደ መስታወት ያጠራዋል፤ ባህሩን ግን ያሳብደዋል። ማክሰኞ ከወደቡ ዳር ቆመን ስናይ ሰው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚሄደው። ሐሙስ ነፋሱ ቆሞ ባህሩ ጋደም ብሎ ስናገኘው «ተገላገልን» አልን። የማናውቀው ነገር ነበር። ነፋሱ ላይኛውን ሙቅ ውሃ ገፍቶ ወደ መሃል ባህር ይወስደዋል፤ በቦታው ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። ከሚስትራል በፊት 23 ዲግሪ የነበረው ውሃ በዚያ ቀን 17 ነበር፤ ካፒቴኑ ነው የነገረን። አየሩ ደግሞ 31! ነሐሴ ነው ብላችሁ የባህሩን ሙቀት በአየሩ አትገምቱ። ስትመዘገቡ «ነፋስ ነበር ወይ? ውሃው ዛሬ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እነሱ በየቀኑ ያውቁታል።

ሌላው ስህተቴ የሆድ ነው። ፍልሰታ ነበር። እኔ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፤ ጀልባው ደግሞ የሚነሳው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በባዶ ሆዴ ወጣሁ። ከአሮጌው ወደብ ስንወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከኋላችን ኮረብታው ላይ ኖትር ዳም ደ ላ ጋርድ ቆማለች፣ በደወል ማማዋ ጫፍ ላይ በወርቅ የተለበጠች እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች። የማርሴይ ሰው ቦን ሜር ይላታል፣ ደጊቱ እናት እንደ ማለት። መርከበኞች ከማዕበል ሲተርፉ ስለታቸውን የሚያገቡት እዚያ ነው። እነሱ በዓሏን በፈረንጆቹ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲያከብሩ እኛ ገና በጾሟ ላይ ነን። በልቤ ሰላም ብያት ፊቴን ወደ ባህሩ አዞርኩ።

ሻቶ ዲፍ የተባለውን የደሴት እስር ቤት አለፍን፤ ሌ ጉድ የምትባለዋን የአሳ አጥማጆች መንደር አልፈን ወደ ክፍቱ ባህር ስንታጠፍ ግን ጀልባዋ ትወዛወዝ ጀመር። ከነፋሱ የተረፈ ረጅም ሞገድ ነበር፤ ከላይ አይታይም፣ ሆድ ግን ያውቀዋል። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ላቤ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ካፒቴኑ አልተደነቀም፤ ከኋላ በኩል አስቀምጦኝ «ስልክሽን ተዪ፣ ሩቅ ያለውን የባህር መስመር እዪ» አለና ደረቅ ዳቦ ሰጠኝ። ዳቦው የጾም ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። በላሁት። ከዚያ በኋላ ነው ነፍስ የዘራሁት። የማቅለሽለሽ መድኃኒት መዋጥ ያለበት ከመነሳት በፊት ነው፤ ጀልባው ላይ ሆኖ ከጀመረ ወዲያ ብዙም አይፈይድም። ፋርማሲ ስትገዙ እንቅልፍ የማያመጣውን ጠይቁ፣ ውሃ ልትገቡ ነውና። ስለ ጾሙ የእያንዳንዳችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛ ከሄድኩ ወይ ጾሙ ካለቀ በኋላ ነው፣ ወይ ንስሐ አባቴን አስቀድሜ ጠይቄ ነው።

አሁን ስለ ጓደኛዬ። ይህን ባህር ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። በሊቢያ በኩል ነው የመጣችው። ከዚያ ያለፈ አልነግራችሁም፣ ታሪኩ የእሷ ነው። ከእኔ ጋር ልሂድ ያለችው ራሷ ናት፤ «ውሃ ግን አልገባም፤ እንዳትለምኚኝ» ብላኛለች። አልለመንኳትም። ጀልባው ላይ እግሯ እንደረገጠ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «የሚንሳፈፈው ጃኬት ስንት ነው በይልኝ።»

ካፒቴኑ ገና ሳልጨርስ የመቀመጫውን ክዳን ከፍቶ አሳየን። እየነካካች ቆጠረች። «አሥራ ስድስት። እኛ አሥራ ሦስት።» ከዚያ ተቀመጠች። እንደ እሷ ያለ ታሪክ ካለው ሰው ጋር የምትሄዱ ከሆነ ማለት የምፈልገው ይህን ነው፦ ዳር ቆሞ መመልከትም መሄድ ነው፤ አትገፋፉ። ጃኬቱን መቁጠር ደግሞ ለሁላችንም ይጠቅማል፤ እኔ በሕይወቴ ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ወደ ዕቃው ልምጣ፤ ግማሹ ጭንቅ የሚመጣው ከሱ ነው።

ማስኩን የማጥበቂያ ገመዱን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አስደግፉትና በአፍንጫችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ልክ ነው፤ ከወደቀ ሌላ ለውጡ። ማንም ቢቸኩል እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ ከመሄዴ በፊት ባለው ቀን ሹሩባ ተሠርቼ ነበር፤ ለባህር ከዚያ የተሻለ የለም። ነገር ግን ግንባሬ ላይ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች በማስኩ ጠርዝ ስር ገብተው ውሃ ያስገቡ ነበር። ውሃ ለማሳለፍ አንዲት ፀጉር ትበቃለች። በጨርቅ ወደ ኋላ አሰርኳቸውና ቆመ። ጺም ያላቸው ወንዶችም ከአፍንጫ በታች ይኸው ችግር እንዳለባቸው አንዱ ተሳፋሪ ሲያማርር ሰማሁ። መስታወቱ እንዳይደመን ደግሞ ምራቃችሁን እንትፍ ብላችሁ ውስጡን አሹትና በባህር ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። አስጠላችሁ? እኔም አስጠልቶኝ ተውኩት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጭጋግ ብቻ ማየት ስጀምር ተመልሼ ተፋሁበት።

መነጽር የምታደርጉ ሰዎች፣ እኔ የራቀ አይታየኝም፤ የመነጽሬ ቁጥር ከሁለት ትንሽ ይበልጣል። መነጽር ከማስክ ጋር አይሄድም፤ ውሃ ያስገባል። ውሃ ውስጥ ግን ነገር ሁሉ ቀርቦና ገዝፎ ስለሚታይ ከፈራሁት በላይ አየሁ። ከኔ የባሰባችሁ ቁጥር ያለው ማስክ አላቸው ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉላቸው።

የላስቲክ ልብሱን፣ ዌትሱቱን ማለቴ ነው፣ «ሙቀት ነው፣ አልፈልግም» ልል ነበር። አስጎብኚዋ ልጅ ዓይኗን ብቻ አሳየችኝ። ለበስኩት። እግር አልገባ ሲል ባዶ ፌስታል እግራችሁ ላይ አጥልቃችሁ ግፉት፤ ይንሸራተታል። ይህ ልብስ ሙቀት ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ያንሳፍፋል። እኔ መስመጥ ብፈልግ እንኳ አያሰምጠኝም ነበር። ሳይለብሱ የዘለሉ ሁለት ወጣቶች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ወጡ።

ሌላ አንድ ነገር፦ እየፈራችሁ እንዳልፈራ አትሁኑ። አስጎብኚዋ «ሁላችሁም ትዋኛላችሁ?» ስትል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ልነቀንቅ ነበር፤ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ገንዳ ውስጥ ብቻ፣ ያውም ትንሽ» አልኩ። ልጅቷ ደስ ያላት ትመስል ነበር። ለእኔ የሚያዝ ተንሳፋፊ ቀለበት አመጣች፣ ከአጠገቧ እንዳልርቅ ነገረችኝ። የሆነ ያልሆነውን ነቅንቀው ከገቡት ውስጥ አንዱ በኋላ ያንኑ ቀለበት ሲጋራኝ ነበር!

ሶርሚዩ ከሚባለው ካላንክ አፍ ወጣ ብሎ ካለ ገደል ስር ቆምን። ካፒቴኑ መልሕቁን ከመጣሉ በፊት ነጭ አሸዋ እየፈለገ ሁለቴ ዞረ። ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

በመሰላሉ ወረድኩ። ውሃው ወገቤ ላይ ሲደርስ ትንፋሼ ተቆረጠ። የተቆረጠ ማለት ምንድን ነው፣ እንደ ውሻ ነው የተነፈስኩት፤ አጭር አጭር፣ ከቁጥጥሬ ውጪ። ፊቴን ብነክር ሞቼአለሁ ብዬ ነበር። አስጎብኚዋ አጠገቤ ሆና «መሰላሉን ያዢ፣ ምንም አታድርጊ፣ ጠብቂ» አለችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ሰውነትን በድንገት ሲነካው የሚሆን ነው፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ከሁሉም ይከፋል፣ ከዚያ ይለቃል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚዘል፣ የሚዋኝ፣ ፊቱን የሚነክር ሰው ነው ውሃ የሚጠጣው። እኔ መሰላሉን ይዤ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እያልኩ ቆጠርኩ። እውነትም ለቀቀኝ።

ከዚያ ቱቦው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአፍ ብቻ፣ ረጅም፣ ቀስ ያለ ትንፋሽ። በቱቦው ውስጥ የቀረውን የተቃጠለ አየር አውጥቶ አዲስ ለማስገባት ትንፋሹ ረዘም ማለት አለበት፤ አጭር አጭር ከተነፈሳችሁ ያንኑ አሮጌ አየር ስታመላልሱ ትደክማላችሁ። ውሃ ከገባበት በኃይል «ቱ!» ብሎ መትፋት ነው። ማስኩ ውስጥ ከገባ ደግሞ ራሳችሁን ከውሃ አውጥታችሁ የማስኩን ታችኛ ጠርዝ ትንሽ ከፈት ማድረግ ይበቃል። ይህን ሁሉ እቤት በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ መለማመድ ትችላላችሁ፤ ፊትን ነክሮ ሁለት መቶ እስኪቆጠር መተንፈስ። ባለቤቴ ቢስቅም አሁን ሁለተኛውን ጉዞ እያሰብኩ በየሳምንቱ አደርገዋለሁ።

ከስር ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያየሁት ሣር ነው፤ እንደ ክረምት ማሳ አረንጓዴ፣ በነፋስ ፈንታ በሞገድ የሚወዛወዝ። ፖሲዶንያ ይባላል። አልጌ አይደለም፤ ሥር ያለው፣ የሚያብብ እውነተኛ ተክል ነው፣ ይህ ዝርያው በሜዲትራኒያን ካልሆነ በሌላ ባህር አይገኝም። በዓመት የሚሰፋው በጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ መልሕቅ የነቀለው ለመመለስ ረጅም ዓመታት ይወስዳል። ካፒቴኑ አሸዋ ሲፈልግ የዞረው ለዚህ ነው። በሣሩ ላይ በጎናቸው የወርቅ መስመር የተሰመረባቸው ብርማ አሳዎች፣ ሳልፓ የሚባሉት፣ እንደ በግ መንጋ ይግጣሉ። ሳቄ መጣ፤ በቱቦ ውስጥ መሳቅ ግን አይመከርም።

ገደሉ ስር ደግሞ ከጣቴ የማይበልጡ፣ መብራት የተሰካባቸው የሚመስሉ ሰማያዊ አሳዎች ነበሩ። አድገው ጥቁር ይሆናሉ አለችኝ አስጎብኚዋ፤ ሰማያዊው የልጅነት ልብሳቸው ነው። እሾሃም ጥቁር ኧርቺኖች በድንጋዩ ላይ እንደ ጃርት ተለጥፈዋል፤ እግራችሁን በድንጋይ ላይ አታሳርፉ፣ እሾሁ ይሰበርና ይቀራል። ሜሩ የሚሉትን ትልቁን አሳ ለማየት ተመኝቼ ነበር፤ አልመጣም። ሲወለድ ሴት ሆኖ ካደገ በኋላ ወንድ የሚሆን አሳ ነው። ጦር በሚወረውር የውሃ ውስጥ ጠመንጃ አድነው ሊጨርሱት ሲሉ በፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ዳርቻ በ1993 እንዲህ ያለው አደን ተከለከለ፤ አሁን ተመልሶ እየበዛ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላኝ ጀግንነት ተሰማኝ። ራሴን አወጣሁና ወደ ጀልባው ዞሬ፣ ፎቶ እንድታነሳኝ ለጓደኛዬ እጄን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩላት።

አስጎብኚዋ እንደ ቶርፔዶ መጣች። ካፒቴኑ ሞተሩ ላይ ተነሳ። ጓደኛዬ መነጽሬንና ነጠላዬን ጥላ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ስሜን ትጠራለች፣ ድምፅዋ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለካ ባህር ላይ እጅ ማወዛወዝ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። ደህና ነኝ ለማለት እጅን በአናት ላይ ማሳረፍ፣ ወይም ሁለቱን እጆች ከራስ በላይ አገጣጥሞ ክብ መሥራት ነው። አውራ ጣት ማሳየትም በጠላቂዎች ዘንድ «ወደ ላይ እንውጣ» ነው እንጂ «ጥሩ ነው» አይደለም። ይህ ሁሉ ገና ስንነሳ ተነግሮን ነበር፤ እኔ ያኔ ከሆዴ ጋር ስለነበርኩ አልሰማሁም። ማብራሪያው ካመለጣችሁ አስደግሙ። አላፍርም ብዬ አልዋሽም፤ ጓደኛዬን ያስደነገጥኩት ግን ከሃፍረቱ በላይ ነው። ወደ መሰላሉ ስደርስ «ሁለተኛ እጅሽን እንዳታነሺ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ወደ ጀልባው ስንመለስ አስጎብኚዋ በፈረንሳይኛ ራስ ትቆጥራለች። ጓደኛዬም ከላይ ሆና በአማርኛ ትቆጥር ነበር፤ ውሃ ውስጥ የነበርነው አሥር ተሳፋሪና አስጎብኚዋ ራሷ ነን። «አሥራ አንድ» አለች ከእሷ ቀድማ። ካፒቴኑ ዞር ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወዲህ በየቆምንበት እሷን ዓይቶ ነው ሞተር የሚያስነሳው።

ስንመለስ ሞርጂዩ የተባለው የገደል አፍንጫ ጋ ቀስ ብለን አለፍን። ሄንሪ ኮስኬ የተባለ ጠላቂ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባህሩ ወለል 37 ሜትር ዝቅ ብሎ ባለ ቀዳዳ ገብቶ፣ በረጅም ዋሻ ወጥቶ አንድ አዳራሽ አግኝቷል፤ በድንጋይ ዘመን ሰዎች የተሳሉት ሥዕሎቹ ይፋ የሆኑት ግን በ1991 ነው። ፈረስ፣ የባህር ውሻ፣ የእጅ አሻራ። ያኔ ባህሩ ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ስለነበር ሰዎቹ በእግራቸው ነው የገቡት። ዛሬ ከጀልባ ሲታይ ምንም የለም፤ ነጭ ገደልና ሰማያዊ ውሃ ብቻ። አምሳያውን ከተማው ወደብ አጠገብ ሠርተውታል፤ ጊዜ ካላችሁ ከባህሩ በኋላ ሂዱ።

ጄሊፊሽ በዚያ ቀን አልነበረም። ካገኛችሁና ከነደፋችሁ ግን አትፈትጉት፣ በቧንቧ ውሃም አትጠቡት፤ በራሱ በባህሩ ውሃ አለቅልቁና ለጀልባው ሰው ንገሩ። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም የሚለውንም እርሱት። ልብሱ እስከ ጉልበቴ ነበር፤ ተኝቼ ስንሳፈፍ ከጉልበቴ ኋላ ያለው ባቴ ሦስት ቀን አቃጥሎኛል። ክሬሙን ከኋላም ተቀቡ፣ ወይም ረጅሙን ልብስ ጠይቁ። ሹሩባው ደግሞ ማታውኑ በደንብ በውሃ ታጥቦ ቅባት ካልነካው ጨው ሥሩ ላይ ይደርቅና ያሳክካል።

ሁለተኛውን ለመስከረም አስቤዋለሁ። ባህሩ የበጋውን ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ሰዉ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ጾሙም ያልፋል። ጓደኛዬን አሁንም አልለመንኳትም። ባቡሩ ውስጥ ግን ከአቪኞን ሲያልፍ፣ ተኝታለች ብዬ ሳለ፣ ዓይኗን ሳትከፍት «እነዚያ ትንንሾቹ ሰማያዊ ያልሻቸው፣ ከላይ ይታያሉ ወይስ ፊት መነከር አለበት?» አለችኝ። ውሃው ሲጠራ ከላይም ይታያሉ አልኳት።